ሰባት ቤት በአንድ ስላይድ

ባለፈው ሳምንት ሲሳይ ወርቁ ሱቄ መጣ። ባለሦስት እግሯን ራክሻ በሩ ላይ አቁሞ፣ እንደ ድሮው ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቶ፣ "ፋንታዬ፣ አሁንም ሳጥን ትደረድሪያለሽ?" እያለ ገባ። ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ከኪሱ በክር የታሰረ ሰማያዊ ፍላሽ አወጣ። አባቱ፣ አባባ ወርቁ፣ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ለሙት ዓመታቸው ያንን የድሮ የዘር ስዕል በትልቁ አሳትሞ፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ያለው የአባቱ ቤት ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ፈልጓል። የቀድሞውን ወረቀት በፕላስቲኩ ጠርዝ ገብቶ ምስጥ በልቶታል። "ልጆቼንም አስገቢልኝ፤ ሁለት ሆነዋል" አለኝ። የፕላስቲክ ማሸጊያው ማሽን እንዲሞቅ ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። ትንሽ ቆይቶ ያ ሽታ መጣ፤ የሞቀ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ አቧራ፣ ትንሽም የፕሪንተር ቀለም ያለበት ሽታ። ሌላውን ሰው ራሱን ያዞረዋል። እኔን ግን ሃያ ዓመቴ ላይ ያደርሰኛል።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ዕድሜ ለትዝታ ያንሳል የሚሉኝ አሉ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላልኖረ ሰው እውነት ሊመስለው ይችላል፤ እዚህ ግን ዘመን ቶሎ ያረጃል። ከገበያው ወደ ትልልቆቹ የእህል ጎተራዎች በሚወስደው መንገድ ላይ ያኔ ሰላምታ ሳልለዋወጥ አሥር እርምጃ መሄድ አልችልም ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ ፍራሽና ባልዲ የተሸከሙ፣ ከሩቅ ከተማ የተፈናቀሉ ሰዎች ያልፋሉ። በሮቹን አውቃቸዋለሁ፤ ፊቶቹን አላውቃቸውም። ያኔ ሱቁ የእኔ አልነበረም። የሐጂ ሰዒድ ነበር። ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጨርቅ ሊነግዱ መጥተው በዚያው የቀሩ። ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒና አንድ ፕሪንተር አስገብተው፣ በሩ ላይ በዐረብኛም በአማርኛም አስጽፈው ተቀመጡ። ፊት ለፊታችን አንዲት ሻይ ሻጭ ነበረች። ሻይ አንድ ጊኔ፣ ዝንጅብል ከገባበት አንድ ተኩል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ካሴት ሻጭ አንድ የሱዳን ዘፋኝ ቀኑን ሙሉ አንዲትን ሴት ተመለሺ እያለ ይለምናል፤ ሴትዮዋ እስከ መግሪብ ሶላት ድረስ አትመጣም። ወንዱ ነጭ ጀላቢያ፣ ሴቱ ባለ ቀለም ቶብ ለብሶ ይተላለፋል። ቶብ የለበሰች ያገሬን ሴት ከሩቅ እለያት ነበር፤ ከትከሻዋ የወረደውን ጫፍ ልክ እንደ ነጠላ ነው የምትመልሰው። ይኸንንም በግጥም ጽፌዋለሁ።

ግጥም እጽፍ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ፓወርፖይንት እከፍትና እያንዳንዱን ስንኝ በየራሱ ሳጥን አስገብቼ፣ በማውስ እየጎተትኩ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ አደርጋለሁ። ወረቀት ላይ ሰርዞ መጻፍ ያናድደኛል፤ በሳጥን ግን ምንም አይጠፋም፣ ቦታ ብቻ ይቀየራል። ሐጂ ከኋላዬ መጥተው ያዩና፣ "ይኸ ግጥም ነው ወይስ መጋዘን?" ይሉኛል።

እንዲህ የለመድኩት ከሥራው ነው። ያ ጊዜ የስልጠና ጊዜ ነበር። ካምፑም፣ መንደሩም፣ የእርሻ ማኅበሩም ስልጠና ላይ ነበር። ፕሮጀክተር በነጭ አንሶላ ላይ ይበራል፤ ሰው ብስኩት እየበላ ክብና ቀስት ያያል። አሠልጣኞቹ ታዲያ በእስኪርቢቶ የሞነጫጨሩትን ወረቀት ይዘው ወደ ሐጂ ሱቅ ይመጣሉ። "መሐል ላይ አንድ ክብ፣ ዙሪያውን አምስት ክብ፣ በየመካከላቸው ቀስት" ይሉኛል። ምን ማለት እንደሆነ አልጠይቅም። እሠራዋለሁ። የፕሮግራሙ ማዘዣ ሁሉ በዐረብኛ ነበር፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ አንዳንዴም እያለቀስኩ ተማርኩት። አንዷን ቁልፍ ተጭኖ መስመር ሲጎትቱ መስመሩ ቀጥ እንደሚል፣ ሌላዋን ተጭኖ በቀስት ሲገፉ ሳጥን በፀጉር ስፋት እንደሚንቀሳቀስ ብቻዬን ነው ያገኘሁት። መጀመሪያ አካባቢ ግን መስመሮቼ አይያዙም ነበር። ሳጥኑን ስጎትተው መስመሩ ባለበት ይቀራል፤ ፍየሏ አምልጣ የቀረ ገመድ ይመስላል። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን የመስመሩን ጫፍ የሳጥኑ ወገብ ላይ ስወስደው ቀይ ነጥብ በራ። ለቀቅኩት። ሳጥኑን ወደ ማዕዘን ጎተትኩት፤ መስመሩ እየተለጠጠ ተከተለው። ከወንበሬ ተነስቼ አጨበጨብኩ። ሻይ ሻጯ አብዳለች ብላ ለሐጂ ተናገረች።

ጋሼ ይርጋን ወደ እኛ ያመጣቸው ይኸው የቀስትና የሳጥን ፍቅር ነው። ጋሼ ይርጋ ባሱንዳ በኩል ሰሊጥ የሚያርሱ፣ ሁልጊዜ ባለ አራት ኪስ ካኪ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ስልጠና አያመልጣቸውም። አንገት ላይ የሚንጠለጠሉትን የስም ካርዶች ሁሉ ቤታቸው በአንድ ምስማር ላይ ሰቅለዋል ይባላል። የሟች ወንድማቸውን ልጅ ዓለምን አሳድገዋታል። ዓለም ደግሞ የእኔ ጓደኛ ናት፤ ኡም ጋርጉር ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው። እርሷንና ሲሳይን ያገናኘኋቸው እኔ አይደለሁም፤ የሲሳይ ራክሻ ናት። ከካምፑ ወደ ከተማ ስታመጣን ዓለም ሁሌ ከፊት ትቀመጥ ነበር፤ እኔ ከኋላ፣ ከቲማቲሙ ጋር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ አልቆ፣ ቀሚሷም ሰፊ ቤት ገብቶ ነበር። የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ነው። በእኛ ክርስቲያኖቹ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ዘራቸው በሁለቱም በኩል ሰባት ትውልድ ድረስ ወደ ላይ ይቆጠራል፤ ከሰባት በታች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ አይጋቡም። አገር ቤት ይኸን የሚያውቅ ሽማግሌ በየደጁ አለ። እዚህ ግን አዋቂዎቹ አንድ በአንድ እያለቁ፣ የቀሩትም እየረሱ ነበር። ሽማግሌዎቹ በቃል ቆጥረው "ንጹሕ ነው" ብለዋል፤ በአባባ ወርቁ እናት በኩል ያለውን ግን የሚያውቅ ስለጠፋ ዘለውታል።

ጋሼ ይርጋ መዝለሉን አልወደዱትም። "እኔ የወንድሜን አደራ ነው የያዝኩ። በቃል አይሆንም። በሳጥንና በቀስት ይሁን" ብለው ሐጂ ሱቅ ተቀመጡ።

"ይርጋ፣ እዚህ አገር እኮ የአጎቱን ልጅ ትቶ ባዳ ያገባ ነው የሚጠየቀው" አሏቸው ሐጂ ሻይ እያዘዙላቸው።

"እነርሱ ያውቃሉ፤ እኛም እናውቃለን" አሉ ጋሼ ይርጋ። "አንቺ፣ ጻፊ።"

ስሞቹን ከሁለት ቦታ ሰበሰብን። የታችኞቹን ከራሽን ካርዶቹ ላይ ነው የገለበጥኩት፤ ካርዱ ላይ የቤቱ አባወራ ከላይ፣ ቤተሰቡ ከሥር ተጽፏል፣ ማንም ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አልነበረውም። ወርቁ፤ ከሥሩ ልጅ ሲሳይ። የላይኞቹን የዓለምን ወገን ጋሼ ይርጋ ከደብተራቸው አነበቡልኝ። የአባባ ወርቁን እናት ወገን ደግሞ አንዲት አሮጊት አክስታቸው ከደምቢያ በስልክ አስቆጠሩን። ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ "ጥሩ የካሳ ልጅ፣ ካሳ የባላምባራስ ደስታ ልጅ፣ ሰማሽ?" ይላሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። የሲሳይን ወገን በአንድ ስላይድ፣ የዓለምን በሌላ ስላይድ አደረግኩ። ሳጥኖቹን እኩል አስተካከልኩ፤ መስመሮቹን አንድም ሳይቀር በቀይ ነጥብ አያያዝኩ። ውብ ነበር። እንዲያውም ለዓለም ከላይ ጥግ ላይ አበባ አድርጌላታለሁ።

"አሁን ሁለቱን በአንድ ገጽ አሳዪኝ" አሉ ጋሼ ይርጋ። "አሠልጣኙ ሙሉውን ሥዕል በአንዴ ማየት ነው ይል ነበር።"

የአንዱን ሳጥኖች ሰብስቤ ከሌላው ጎን ለጠፍኩ። የዚያን ጊዜ ዓይኔ ፈጣን ነበር፤ በፈጣንነቱም እኮራ ነበር። ከሁለቱም ወገን ከላይ አንድ ዓይነት ስም አየሁ። "ጋሼ፣ ይዩ! ባላምባራስ ደስታ እዚህም አሉ፣ እዚያም አሉ!" ብዬ ጮህኩ። አንደኛውን ሳጥን ይዤ በሌላኛው ላይ ጎትቼ ጣልኩት፤ ጠርዙ ከጠርዙ ገጠመ። ትርፉን አጠፋሁ፣ የቀሩትን መስመሮች አንዱ ሳጥን ላይ አሰርኳቸው። የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ደስ አለኝ። ሁለት ዛፍ የነበረው አንድ ዛፍ ሆነ።

ሐጂ ከኋላዬ ቀስ ብለው፣ "አንቺ ልጅ፣ ምነው እጅሽ ባረፈ" አሉ።

ዞር ስል ጋሼ ይርጋ መነጽራቸውን አውልቀዋል። የእስኪርቢቷቸውን ጫፍ ስክሪኑ ላይ አድርገው ከሲሳይ ወደ ላይ ቆጠሩ፤ ወርቁ፣ ጥሩ፣ ካሳ፣ ደስታ። አራት። ከዓለም ወደ ላይ ቆጠሩ። አምስት። ደብተራቸውን አውጥተው የአባታቸውን ቅድመ አያት ስም እንደገና አነበቡ፤ መንደሩንም፣ የባላምባራስነቱንም። አንድ ሰው ነው። "አትሚው" አሉኝ። ወረቀቱን አጥፈው ካራቱ ኪሶች በአንደኛው ከተው ወጡ። ሻያቸውን አልጠጡትም።

በሦስተኛው ቀን ዓለም መጣች። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም። "አንቺ ነሽ አሉ ያገኘሽው" አለችኝ።

"ዓለሜ፣ እኔ እኮ አላሰብኩም…"

"እንኳንም አላሰብሽ። አስበሽ ቢሆን ምን ታደርጊን ነበር?" ቶቧን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "ቀሚሱን ሰፊው ጨርሶታል። ምን ልበለው? አንቺ ግጥም አዋቂ ነሽ፣ እስቲ የምለውን ጻፊልኝ።" ብላኝ ሄደች። ያን ቀን ፓወርፖይንት አልከፈትኩም። ሲሳይም በእኛ መንገድ ማለፍ ትቶ ነበር፤ የጥሩምባውን ድምፅ ከሩቅ፣ ከሌላ መንገድ እሰማዋለሁ።

ከሳምንት በኋላ ግን ጥሩምባው በር ላይ ተሰማ። ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ። አባባ ወርቁ ከራክሻዋ ወረዱ፤ ሲሳይ መሪውን እንደያዘ ውጭ ቀረ። አባባ ወርቁ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ የከሽም ኤል ቂርባ ግድብ ቦይ ጠራጊ ሆነው ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ነበሩ። ያጠቡት ጀላቢያቸው ገና አልደረቀም፤ ትከሻው ላይ እርጥብ ነው። ባለቤታቸው እማማ ዘውዴ ከሞቱ ወዲህ ልብሳቸውን ራሳቸው ያጥባሉ ይባል ነበር። ሐጂ ወንበራቸውን ለቀቁላቸው።

"ያን ስዕል አለሽ?" አሉኝ።

ከፈትኩላቸው። ስክሪኑን በቅርብ አዩት። ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጣቴን እያስቀመጥኩ ነገርኳቸው። "ይኸ እርስዎ ነዎት። ይኼ ሲሳይ። ይቺ እናትዎ ጥሩ። ይኸ አባቷ ካሳ።"

"መስመሩ ይነቀላል?"

"የትኛው?"

የካሳንና የጥሩን አሳዩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እናቴ የካሳ ልጅ አይደለችም ብል፣ ማን ያውቃል? አክስቴ እንደሆኑ አርጅተዋል፤ ተሳስተው ነው እንላለን" አሉ። ሐጂ ወደ ፎቶ ኮፒው ዞረው ምንም የሌለበትን ወረቀት ማገላበጥ ጀመሩ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ ይሆናል። ግን የዓለም ቀሚስ ዓይኔ ላይ ነበር፤ ያገኘሁትን ነገር መልሼ ማጥፋት እፈልግ ነበር። የመስመሩን ጫፍ ይዤ ሳብኩት። ቀዩ ነጥብ ጠፋ። አንዴ በማውስ ነካ ማድረግ ብቻ ነው የፈጀው። ጥሩ የሚለው ሳጥን ከላዩ ምንም ሳይኖረው ባዶ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አባባ ወርቁ አዩት። ማንበብ ባይችሉም ይኸን ለማየት ፊደል አያስፈልግም። "ይቺ እናቴ ናት?" አሉ።

"አዎ።"

"ያላባት አስቀረኋት ማለት ነው።" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። "መልሺው፣ ልጄ። መልሺው። ይመለሳል?"

ሁለት ቁልፍ ተጫንኩ፤ መስመሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ተነፈሱ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ታች አወረዱት፤ ከላይኛው ሳጥን አልፎ፣ በእርሳቸው ሳጥን አልፎ፣ በእርሳቸውና በሲሳይ መካከል ባለው መስመር ላይ ቆመ። ጥፍራቸው ላይ የቦይ ጭቃ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያንን ጣት እስከ ዛሬ አየዋለሁ።

"ሐጂ" አሉ ሳይዞሩ፣ "አንድ ነገር ልናገር ነው። ከዘውዴ በቀር የሰማው የለም።"

ታሪኩ አጭር ነው። ወደዚህ ሲሻገሩ፣ መንገድ ላይ ሦስት ቀን አብሯቸው የተጓዘ በላይ የሚባል የላስታ ሰው ነበር። ሚስቱ ሞታበት የስምንት ወር ሕፃን በጀርባው አዝሏል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጣለው፤ ድንበሩን ሳያይ ሞተ። ወርቁ ሕፃኑን አዘሉት። የስደተኞች መመዝገቢያው ላይ ጸሐፊው ሕፃኑን እያሳየ ልጅህ ነው ወይ ብሎ በዐረብኛ ጠየቃቸው። "ያን ጊዜ ከዐረብኛ የማውቀው አይዋን ብቻ ነው። አዎ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። የጠየቀኝም ገብቶኛል። አይዋ አልኩ። ጻፈው" አሉ። "ከዚያ ወዲያ ያልኩትን መልሼ እንዳልተባለ ማድረግ አልቻልኩም። አልፈለግኩምም።"

ፎቶ ኮፒው ያንጎራጉራል። ሐጂ ፊታቸውን መለሱ፦ "ወርቁ፣ ይኸን ከእኛ በፊት ልጁ ነው መስማት ያለበት። ደጅ ነው ያለው።"

"ደጅ እንዳለ ማወቄ ነው ያደከመኝ" አሉ አባባ ወርቁ። ቢሆንም ጠሩት። ሲሳይ ቁልፉን እያሽከረከረ ገባ፤ የራክሻዋ ዋጋ ሊጠየቅ የመጣ ይመስል "ምነው?" አለ። አባቱ ከወንበሩ ሳይነሱ ነገሩት፤ እኛ እንደሰማነው፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ትኩሳቱንም፣ አይዋውንም። ሲሳይ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ስክሪኑን አየ፣ አባቱን አየ፣ እርጥቡን ትከሻ አየ።

"የእርሱ አባት ስም ማን ነበር?" አለ።

"አላውቅም። ሦስት ቀን ነው የተጓዝነው። ስለ በሬው ነበር የሚያወራኝ።"

"ስለ በሬው?"

"ዳለቻ በሬ ነበረው። ትቶት መጥቶ ነው የሚያለቅስ።"

ሲሳይ ሊስቅ ፈልጎ ፊቱ እምቢ አለው። ከዚያ በዐረብኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰው፤ እዚህ ያደግን ሁላችን ሲጨንቀን የምናደርገው ነው። "ኻላስ፣ በቃ፣ አባባ። አሁን ታዲያ ስሜ ሊቀየር ነው?"

"አንተ ካልቀየርከው እኔ አልቀይረውም።"

"እንግዲያ ምን ያስለቅስዎታል?" አለ። እኛ እስከዚያ ድረስ ማልቀሳቸውን አላየንም ነበር። ከአንገታቸው ላይ የተጠመጠመችውን ፎጣ ወስዶ እርሱ ራሱ ፊታቸውን ጠረገላቸው፤ ትንሽ ጠንከር አድርጎ፣ የራክሻ መስታወት እንደሚጠርግ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ነበር። በላይ የሚል ሳጥን ሠርቼ ከሲሳይ በላይ፣ ከወርቁ ጎን አስቀመጥኩት፤ በቀጭን መስመር ከሲሳይ ጋር አያያዝኩት። ከበላይ ወደ ላይ ላሉት ለማናውቃቸው ስድስት ሰዎች ባዶ ሳጥኖች ደረደርኩ። የወርቁና የሲሳይ መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። "ይኸንን ላጥፋው?" አልኳቸው።

"ደም ያልሆነ መስመር የለሽም?" አሉ አባባ ወርቁ።

የመስመር ዓይነቶቹን ዝርዝር ከፈትኩላቸው። ነጠብጣቡን፣ የተቆራረጠውን፣ ሰረዝና ነጥብ የተቀላቀለበትን በየተራ አሳየኋቸው። የተቆራረጠውን መረጡ። "እንደ እግር ዱካ ነው" አሉ። አደረግኩት። አዩትና ግን ደስ አላላቸውም።

"ቀጠነ።"

ጨመርኩለት።

"አሁንም ቀጭን ነው።"

"አባባ፣ ከዚህ በላይ ከሆነ ከሁሉም ይበልጣል። ባላምባራሱንም ይሸፍናቸዋል።"

"ይሸፍናቸው" አሉ።

ጋሼ ይርጋ በማግስቱ መጥተው አዲሱን ወረቀት ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ሐጂ ነገሩን ነግረዋቸዋል፤ አባባ ወርቁም አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ጋሼ ይርጋ ባዶዎቹን ሳጥኖች በእስኪርቢቶ ነካ ነካ አደረጉ። ስም የሌለው ሰው እንዴት ይቆጠራል? ዓለም በሻይ ሻጯ ጥላ ሥር ተቀምጣ ወደ እኛ በር እያየች ነበር።

"የላስታ ሰው ነው?" አሉ ጋሼ ይርጋ።

"አነጋገሩ የላስታ ነው" አሉ አባባ ወርቁ። "እርሱም ሟች ሚስቱም፣ በእናትም በአባትም፣ ከዚያ አልወጣንም ብሎኛል። እምልልሃለሁ።"

ጋሼ ይርጋ ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት። ወደ እኔ ዞረው ቆጣ ብለው፣ "እነዚህን ባዶ ሳጥኖች አውጪያቸው፤ ገጹን ያጨናንቃሉ" አሉኝ። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ሲሉ ነው ፈቃድ መስጠታቸው የገባኝ። ጋሼ ይርጋ ግን አልጨረሱም። "ደግሞ ይኸ ምን የሚሉት ነው? ደም ያልሆነው ከደሙ የሚወፍረው? ሥርዓት የለውም። አቅጥኚው።"

"እሱን አትንኪው" አሉ አባባ ወርቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ አውጥተው ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ይርጋ እስኪርቢቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ዝናቡ ሳይገባ፣ ጥቁሩ አፈር ጫማ መብላት ሳይጀምር ተጋቡ። ሐጂ ለሠርጉ በግ ከነነፍሱ ላኩ፤ "እርዱት እናንተ፣ እንድትበሉት" ብለው። ዓለም ቀሚሷን ለብሳ ሱቅ ድረስ መጥታ አሳየችኝ። "አንቺን ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ፤ ላስቀናሽ ነው" አለችኝ፤ አቅፋኝ ነው ያለችው። ዛሬ ሐጂ አርጅተው መተማ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ማሽኖቹን ለእኔ ትተውልኛል። ካሴት ሻጩ ሄዷል። መብራት የሚመጣው ከጣሪያው ላይ ካለው የፀሐይ ሰሌዳ ነው። ስልጠናውም ቀርቷል፤ ክብና ቀስት የሚያዝ የለም፣ አሁን የሚታተመው የቤት ኪራይ ውልና የጠፋ ሰው ፎቶ ነው።

የሲሳይን ፍላሽ ሰክቼ ፋይሉ ሲከፈት ፊደሎቹ ተዛብተው፣ ጥጉ ላይ የዓለም አበባ በሳጥን ተተክቶ አገኘሁት። መስመሮቹ ግን ነበሩ። ያኔ ሲያዝ ቀይ ይሆን የነበረው ነጥብ በአዲሱ ፕሮግራም አረንጓዴ ሆኗል። ለልጆቹ ቦታ እንዲኖር የአባባ ወርቁን ሳጥን ይዤ ወደ ላይ ጎተትኩት። ያ ወፍራም የተቆራረጠ መስመር ረዘመ፣ ረዘመ፤ አለቀቀም። ሲሳይ ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

ሁለት ትንንሽ ሳጥን ሠራሁ። የልጆቹን ስም ነገረኝ፤ ትልቁ በላይ ነው፣ ትንሿ ዘውዴ። ከሲሳይ ሳጥን ሥር አስቀምጬ በቀጭኑ መስመር፣ በደም መስመሩ አያያዝኳቸው።

"እንደዚህ አይደለም" አለኝ ሲሳይ።

"ምኑ?"

ጎንበስ ብሎ ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ አባባ ወርቁ ያን ቀን ካሳረፉበት ቦታ ላይ አሳረፈ። "ለእነርሱም ይኸንን አድርጊላቸው።"

"ሲሳይ፣ እነርሱ እኮ የራስህ ልጆች ናቸው። ደም በቀጭኑ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ። "ያባቴን አድርጊልኝ።"

ቅርጽ የምትቀዳውን ትንሽ ብሩሽ አነሳሁ፤ የአባቱን መስመር ነካሁ፣ ከዚያ የልጆቹን፣ የበላይንና የዘውዴን። ፕሪንተሩ ተነሳ። ማሽኑም ሞቆ ነበር።